ቀዩ ከላይ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ቢላል፣ ደብተርህን ከኋላ ጀመርኩት። አትቆጣ። ከፊት ያለው ያንተ ነው፣ አልነካውም። እኔ ግራኝ ስለሆንኩ ከኋላ መጀመር ይቀለኛል፣ ታውቀው የለ።

ትልቁን መቀስ የት ነው ያስቀመጥከው? አባ ሦስት ቀን ሙሉ ፈለገው። ዛሬ እኔን ሲጠይቀኝ «ቢላልን ጠይቀው» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አባ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሲመለስ ከጎረቤት፣ ከክርና ቁልፍ ሻጯ ከእትዬ ሸዋርካብሽ፣ መቀስ ተውሶ ነበር።

ከሞትክ ዛሬ አሥራ አምስት ቀን ሆነህ። ይህን መጻፍ እችል እንደሆነ ለማየት ነው የጻፍኩት። እማ አሁንም አራት ሳህን ታወጣለች፣ አንዱን መልሳ ታስገባለች። ማንም ምንም አይላትም።

የጀልባ ክበቡ የላከው ፌስታል ከሱቁ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጫማህ፣ ስልክህ፣ ከጀልባዋ የተለቀመው ሁሉ አለበት። ባንዲራውም አለበት። አባ «ይቆይ» ስላለ አልከፈትነውም። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የፊዚክስ ፈተና። ስድስት ጥያቄ ሞከርኩ። ሌላውን ባዶ ተውኩት።

«ተገልብጦ አየነው።» ይህን ቃል ከጆሮዬ ማውጣት አቃተኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ትናንት የጻፍኩት ለሌላ ሰው አይገባም። ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ምናልባት ለእኔም ይገባኝ ይሆናል።

አንተ ላንጋኖ ላለው የሸራ ጀልባ ክበብ ባንዲራ ትሰፋ ነበር። መርካቶ ውስጥ በእኛ ተራ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። እትዬ ሸዋርካብሽ «ባሕር የሌለው አገር፣ ባሕር ያላየ ልጅ፣ ለጀልባ ባንዲራ! ቀጥሎ ለግመል ካልሲ ትሰፋለህ» እያሉ ይስቁብህ ነበር። አንተ ግን ወደድከው። የተቀደደ ሸራቸውንም መጠገን ጀመርክ፤ የክበቡ አዛውንት ጋሽ ዘመንፈስቅዱስም እሁድ እሁድ ትንሿን ጀልባ ይሰጡህ ጀመር። ጥር 18 እሁድ ከሰዓት ብቻህን ወጣህ። ነፋሱ ተነሳ። ጀልባዋ ውሃ ሞላች። ሰኞ ጠዋት አገኙህ።

ለቅሶው ላይ ከክበቡ የመጡ ሁለት ልጆች ከድንኳኑ ኋላ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ሻይ ይዤላቸው እየሄድኩ ነበር።

«ባንዲራው ተገልብጦ አየነው እኮ» አለ አንዱ። «ቀዩ ከላይ። ከመስጠሟ ግማሽ ሰዓት በፊት።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«ምን እንላለን? እንደ ኅዳሩ መሰለን! ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ራሳቸው ‹መርካቶ ዛሬም ገልብጦ ሰፋው› አሉ። ሳቅን።»

ሻዩን ሰጥቻቸው ተመለስኩ። ስኳር አንሶታል ብለው መልሰው ጠሩኝ።

በደብተርህ ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብለሃል፦ «ባንዲራ ተገልብጦ ከተሰቀለ ‹ችግር ላይ ነኝ፣ ድረሱልኝ› ማለት ነው። የቆየ የባሕረኞች ልማድ ነው። በቀልድ አይሠራም።» ሁለት ጊዜ አስምረህበታል።

የኅዳሩን ነገር ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሱቅ ዋልኩ። አባ «የጀልባ ባንዲራ እንሰፋለን» የሚለውን ሰሌዳህን አወረደው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከስፌት መኪናው ኋላ አቆመው።

«እጁ ጥሩ ነበር» አላቸው ለእትዬ ሸዋርካብሽ። «ግን ችኩል ነው። ያን ባንዲራ አይቶ ቢሰፋው ኖሮ ሰው ባልሳቀ። ሰው ባልሳቀ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

«ተው ሐምዱ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን።»

«አልወቀስኩም። የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

እኔ የሱሪ እግር እያሳጠርኩ ነበር። ምንም አላልኩም።

ምንም አላልኩም። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ዛሬ የሰማዕታት ቀን ስለሆነ ትምህርት ቤታችን ባንዲራው በግማሽ እንዲውል ተባለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተራ ነበርና ከክፍሌ ልጅ ከማስረሻ ጋር ገመዱን ያዝን። አረንጓዴው ከላይ መሆኑን አየሁ። እንደገና አየሁ። ሦስተኛ ሳይ አንዱ ከሰልፉ ውስጥ «ኧረ ልጁ ገና ቀለም እየለየ ነው!» ብሎ ጮኸ። ተሳቀ።

ማስረሻ ግማሹ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«እስከ ጫፍ ሳበው» አልኩት።

«ግማሽ ነው የተባለው፣ አልሰማህም?»

«መጀመሪያ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው።»

«ማነው ያለው?»

«ወንድሜ።»

ማስረሻ ሳበ። ጫፍ ነካ፣ ከዚያ ቀስ አድርገን አወረድነው። ምክንያቱን ጽፈኸዋል፦ «ሙሉ ያልነበረ ነገር ጎደለ አይባልም።» ይህ ቃል ያንተ ነው ወይስ የጋሽ ዘመንፈስቅዱስ? ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር።

የካቲት 16፣ እሁድ

ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ መጡ። ስለሳቸው ስታወራ ረጅም ሰው ይመስሉኝ ነበር። አጭር ናቸው፣ ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ ጫማቸው እንደ መስታወት ያበራል። ከአብነት ሰፈር በእግራቸው ነው የመጡት።

«አቶ ሐምዱ፣ አንድ ባንዲራ እንዲሰፉልኝ ነው» አሉ ሳይቀመጡ። «መጋቢት 7 ክበቡ ለቢላል ባንዲራውን በግማሽ ያውላል። ለሌላ ሰፊ መስጠት ከበደኝ።»

አባ ቀና አላለም። «ባንዲራ አንሰፋም።»

«ይገባኛል። ግን...»

«ሰሌዳው ወርዷል። አላዩትም?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። «ባሕር ኃይል ሳለሁ አሥራ አራት ዓመት ምጽዋ ላይ ባንዲራ አውጥቻለሁ፣ አውርጃለሁ። የተገለበጠ ምን ማለት እንደሆነ ለልጅዎ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ያንኑ ልጅ አይቼ ሳቅሁ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ኅዳር ላይ ተሳስቶ መጥቶ ነበርና...»

«አውቃለሁ» አለ አባ፣ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ። «ጥፋቱ የራሱ ነው። ራሱ ሰፋው፣ ራሱን ጎዳው።»

መኪናው ላይ ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ነበር የሚሰፋው።

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ፌስታሉ ከጀርባዬ ነው። ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ሲወጡ ትከሻዬን ያዙኝ። «ኢምራን አንተ ነህ? ስላንተ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ‹ወንድሜ በግራ እጁ ሰፍቶ ከእኔ ይበልጣል› ይለኛል።»

ፊቴን አዞርኩ። ያለቀስኩ መስሏቸው ይሆናል። አላለቀስኩም። እጄን ከኪሴ ማውጣት ነው ያቃተኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ ይጻፍ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ክበቡ ስድስት ባንዲራ አዞ ነበር። የጀልባ ባንዲራ እንደ ሌላው አይደለም። በጠርዙ በአንደኛው ጫፍ የጣት ቁመት ያለው የናስ መሸጎሪያ ይሰፋበታል፣ በሌላው ጫፍ የገመድ ክብ። መሸጎሪያው በአረንጓዴው በኩል፣ ክቡ በቀዩ በኩል። የጀልባው ገመድ ደግሞ ተቃራኒው ስለሆነ መሸጎሪያው ክብ ውስጥ ይገባል፣ ክቡም መሸጎሪያ ይይዛል። ጨለማም ሆነ ማዕበል እጅ አይሳሳትም። ሰፊው ካልተሳሳተ በቀር።

አንተ ደክሞህ ነበር። «አንዱን ልስፋልህ» አልኩህ። እኔ እናንተ የምታሳዩኝን ሁሉ በልቤ ገልብጬ ነው የምሠራው፤ ጨርቁንም አዙሬ ነው የማስገባው። ያን ቀን ሁለት ጊዜ አዞርኩት መሰለኝ። መሸጎሪያው ቀዩ ላይ ተሰፋ። ስልኬን እያየሁ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኅዳር ላይ እንግዶች በተሰበሰቡበት ባንዲራዎቹ ሲወጡ አንዱ ጀልባ ላይ ቀዩ ከላይ ሆነ። አንድ ፈረንጅ «ቦሊቪያ መጣች!» ብሎ ጮኸ አሉ፤ የቦሊቪያ ባንዲራ የኛው ሦስት ቀለም ነው፣ ግን ቀዩ ከላይ። ያን ባንዲራ ይዘህ መጣህ። አባ ደንበኛ ፊት «ማነው ይህን የሰፋው?» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ» አልክ። አባ የተናገረህን አልጽፈውም። አንተ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረህ አየኸኝና በዓይንህ ጠቀስከኝ።

በኋላ «አስተካክለዋለሁ፣ አንተ ዝም በል» አልከኝ። «ደግሞ ቦሊቪያም ባሕር የላትም። ዘመዳችን ናት።»

ሳቅሁ። እኔም ሳቅሁ።

አሁን የማላውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ባንዲራ አስተካክለኸው ነበር? ካላስተካከልከው፣ ያን እሁድ የታየው የእኔ ስህተት ነው፤ አንተ አልጠራህም ማለት ነው። ካስተካከልከው ግን ጠርተሃል፣ ሰዉን ያሳቀው ደግሞ የእኔ ስህተት ነው። የትኛው እንዲሆን ዱዓ እንደማደርግ አላውቅም።

መልሱ ፌስታሉ ውስጥ ነው። ብድግ ብሎ መክፈት ነው። ነገ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አልከፈትኩትም። የሒሳብ የቤት ሥራ ነበረብኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ለሱሁር አንተ በእርጥብ እጅህ አንገቴን ነክተህ ነበር የምትቀሰቅሰኝ፣ እኔም እሰድብሃለሁ። ዛሬ እማ ከበሩ ላይ ሆና «ቢላል! ኢምራን! ተነሱ!» አለች።

ቶሎ ተነሳሁ። መነሳቴን እንድትሰማ ብዬ ባልዲውን ረገጥኩት።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። አባ ባንዲራ አንሰፋም እያለ መሸጎሪያ ምን ያደርግልኛል? ዝም ብዬ ነው የሄድኩት። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። መሸጎሪያ የሚቆርጥልህ አስናቀው ከአሮጌ ቧንቧ ላይ ናስ እየቆረጠ ነበር።

«የቢላል ወንድም! ና ወዲህ። ነፍሱን ይማር፣ በእናንተ እንዴት ነው የሚባለው?»

«አላህ ይርሐመው።»

«እሱው ያድርግለት። ወንድምህ እኮ ጨቅጫቃ ነበር። መሸጎሪያውን ‹ፈትገው፣ አለስልሰው፣ ጨርቅ ይቀድዳል› እያለ ያደርቀኛል። ‹ወርቅ ቤት ሂድ!› እለዋለሁ። መጨረሻ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። አንድ ብቻ ቁረጥልኝ አለ። ‹ለአንድ ብዬ ነው መጋዝ የማነሳው?› ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለህ?»

«‹የወንድሜን ሥራ ላስተካክልበት ነው፣ ቢሰማ ያፍራል፣ ድምፅህን ቀንስ› አለኝ። እዚህ! በዚህ ሁሉ መዶሻ መሃል!»

ሲስቅ አብሬው ለመሳቅ ሞከርኩ። በአማኑኤል በኩል ዞሬ ሄድኩ፣ መንገዱ እንዲረዝም። ቤት ስደርስ ማፍጠሪያ አልፎ ነበር።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አባ መስጊድ ቆየ። ፌስታሉን አውርጄ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፣ የረጋ ውሃ ሽታ። ጫማህ። ስልክህ፤ በመስታወቱ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ባንዲራው ከታች ነበር፣ ተጨማዶ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። መሬት ላይ ዘረጋሁት።

መሸጎሪያው አረንጓዴው ላይ ነው። አዲስ ነው፣ ጫፉ የተፈተገ። በቀዩ በኩል የተፈታ ስፌት ቀዳዳ መስመር አለ። እዚያ የነበረው የእኔ ነው። አሁን በጠርዙ ላይ ያለው ስፌት ያንተ ነው።

አስተካክለኸዋል።

ቀዩ ጫፍ ላይ የጀልባው ገመድ ቁራጭ ታስሯል፣ ሲያወርዱት የቆረጡት መሆን አለበት። በእጅ የታሰረ ነው። ተገልብጦ መሸጎሪያው ስለማይገባ ቋጥረኸዋል። አንተ ሁሉን ነገር በአንድ ቋጠሮ አስረህ «ከበቃ በቃ» የምትል ሰው ነህ። ይህ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል፣ አንዱ በሌላው ላይ። እጅህ እርጥብ ነበር። እንዳይፈታ ፈርተሃል።

ጠርተሃል። ልክ እንደሚገባው አድርገህ፣ እንደ ተማርከው ጠርተሃል።

መልሼ ሁሉንም አስገባሁት። ባንዲራውን ግን አላስገባሁትም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከተቀበርክ ዛሬ አርባ ቀንህ ነው። ሰደቃው ለማፍጠሪያ ነበርና እማና ሴቶቹ ቤት ናቸው። አሥር ሰዓት ላይ አባን ሱቅ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ባንዲራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባ፣ የኅዳሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቢላል አይደለም። ይሄውና አስተካክሎታል፣ እየው። እሱ ጥፋት የለበትም።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። አባ መነጽሩን አደረገ። ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ስፌትህ። ክሩን ስትቆልፈው ወደ ግራ ነው የምትመልሰው። ከሕፃንነትህ ጀምሮ። ኅዳር ላይ ገና በእጄ ስይዘው አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን እሱን...»

«‹እኔ ነኝ› አለ። ትልቅ ነው፣ ይችላል አልኩ። አንተን ከተናገርኩህ ዳግመኛ መኪናው ላይ የማትቀመጥ መሰለኝ።» መነጽሩን አወለቀ። «ከሞተ በኋላም እሱ ነው ጥፋተኛው አልኩ። ሌላ ማንን ልበል? የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

አዛን ሊል ሲል ተነስተን ሱቁን ዘጋን። በመንገድ ላይ «የሽማግሌው ስልክ አለህ?» አለኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የክበቡን ባንዲራ ሰፋን። አባ ቆረጠ፣ እኔ ሰፋሁ። ከመቁረጡ በፊት ቢጫውን ጣቃ ሲዘረጋ ትልቁ መቀስ ከውስጡ ወደቀ። እንዲህ ነው የምታስቀምጠው? ሁለታችንም ሳቅን፣ አባ ቶሎ አቆመ።

መሸጎሪያውን ከመስፋቴ በፊት ሦስት ጊዜ አየሁ። አባም ሦስት ጊዜ አየ። እትዬ ሸዋርካብሽ ክር ይዘው መጥተው «አረንጓዴ ከላይ! እኔ እንኳን አውቀዋለሁ፣ ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ላንጋኖ። ውሃው ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር። ቡናማ ነው፣ እንደ ሻይ በወተት። አልነገርከኝም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። «ሲወጣ በፍጥነት፣ ሲወርድ በዝግታ» አሉ። «ወንድምህ መጀመሪያ ቀን ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? የእንግሊዝኛውን ወረቀት አንብቦ ‹በስምንት ሰዓት ይወጣል› ይላል ብሎ ባንዲራውን ከምሳ በኋላ አወጣልኝ። ‹የፈረንጅ ስምንት የኛ ሁለት ነው፣ አንተ መርካቶ!› ብዬ...» ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረና ዞር አሉ።

መሸጎሪያው ገባ። እስከ ጫፍ ሳብኩት፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ግማሽ አወረድኩት። እማ አላየችም። ከመጣን ጀምሮ ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም።

አባ ጋሽ ዘመንፈስቅዱስን «የት ቆማችሁ ነው ያያችሁት?» አላቸው። ሽማግሌው ምግብ የሚበላበትን ሰገነት አሳዩት። አባ ብቻውን ወጣ። እዚያ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። ሲመለስ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«ሩቅ ነው» አላቸው። «ከዚያ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል።»

ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ እጁን አለቀቁትም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

በደብተርህ ሃያ ሁለተኛው ገጽ፦ «ሁለት ጀልባ ሲገናኙ ትንሹ ባንዲራውን ግማሽ አውርዶ ሰላም ይላል። ትልቁ እስኪመልስለት ድረስ መልሶ አያወጣም።»

ትልቁ ካልመለሰስ? እሱን አልጻፍክም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አባና እማ ነገ ሳይነጋ ወሎ ይሄዳሉ። አያታችን ለለቅሶው መምጣት ስላልቻለች ዒዱን ከእሷ ጋር ይውላሉ። እኔ ፈተና ስላለብኝ ቅዳሜ እከተላለሁ። አባ የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። «የመኪናውን መርፌ ከሰበርክ ትርፍ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ» አለ። ከበሩ ላይ ተመልሶ ደግሞ «ሰሌዳውን... እንደ ፈለግክ» አለ።

ከዚህ በፊት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ሁሌም አንተ ነበርክ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

እነአባን ከሸኘሁ በኋላ ለሱሁር ተቀመጥኩ። ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን መለስኩ። እማን ገባኝ።

ፈተናው ከሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ከፈትኩ። ጠረግኩ። መኪናውን ዘይት ቀባሁ። ያን ባንዲራ ከመሳቢያ አወጣሁት። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ አልነካሁትም ነበር፣ የመጨረሻ የእጅህ ሥራ ነውና። በአንተው ቋጠሮ ፌስታሉ ተሰቅሎበት በነበረው ምስማር ላይ፣ ወደ መንገድ በተከፈተው በር መሃል፣ ልክ አንተ እንደሰቀልከው ሰቀልኩት። ቀዩ ከላይ። ሰዓቴን አየሁ፣ ሁለት ሰዓት ነበር። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ከሥሩ ቆምኩ።

እትዬ ሸዋርካብሽ የቁልፍ ከረጢታቸውን ተሸክመው ሱቃቸውን ሊከፍቱ መጡ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ገልብጠኸዋል እ...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ባንዲራውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጡትና መጡ። አልሳቁም።

«ኢምራን፣ ምን ሆንክ?» አሉ። «ምን ላድርግልህ የኔ ልጅ?»

«ይሄን ጫፍ ያዙልኝ» አልኳቸው።

አወረድኩት፣ በዝግታ። አረንጓዴውን ጫፍ ያዙልኝ። በወፍራሙ መርፌ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርኩ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንደኛው ተፈታ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ።

«ይሄኛው ይቆይ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አይ። መጥተዋል እኮ» አልኩ።

ማንን እንዳልኩ አልጠየቁኝም። ፈታሁት። ከውስጡ ጥቂት አሸዋ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። በቁራጭ ጨርቅ ቋጠርኩት፣ በአንድ ቋጠሮ። ባንዲራውን አጣጥፌ ከደብተርህ ጎን አስቀመጥኩት።

ከዚያ ሰሌዳህን ከመኪናው ኋላ አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩና ወንበር ላይ ወጣሁ። እትዬ ሸዋርካብሽ መንገዱ መሃል ድረስ ወደ ኋላ ሄደው፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው እየጮኸባቸው፣ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

«ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ... ኧረ ጠብቅ አንተ፣ ልጁ እየሰቀለ ነው! ወደ ግራ... እዚያ!»